በቀብር ቀን የከፈትኩት ውሃ

ይድረስ ለወንድሜና ለአባቴ ምትክ፣ ለጋሼ ደምሰው፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ዳገቱን ወጥተው ደጀ ሰላሙን ይሳለማሉ ወይስ ከግቢዎ ሆነው ነው? ጆሮዎ ከበድ ማለቱን ልጅዎ ተክለሚካኤል ነግሮኛል፤ ስልኩን ትቼ በወረቀት የመጣሁት አንድም ለሱ ነው። እትዬ ጤናዬስ ደህና ናቸው? ወገባቸውን ተሻላቸው? ክረምቱስ እንዴት አለፈ፣ ወንዙ የመስኖውን ጠለፋ አልወሰደውም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ድካም እንጂ ሕመም የለብኝም።

ጋሼ፣ ሰላምታዬን ሳልጨርስ አንድ ነገር ልናገር፤ ከጨረስኩ እንደ ሁልጊዜው ወደ ሌላ ወሬ እገባለሁ። በዚያ በድርቁ ዓመት፣ የደብሩ አለቃ በተቀበሩ ቀን፣ የፈትለወርቅን ውሃ የወሰድኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ከውሃ አባትነት የተሻሩበትን ውሃ የጠጣው የእኔ ሽንኩርት ነው።

ያን ቀን አገሩ ሁሉ ለቀብር ወጥቶ ነበር። እኔ ሆዴን ቆረጠኝ ብዬ ቀረሁ። ተራው የፈትለወርቅ ነበር። ባሏ ሞቶባት ልጇን ንዋይን በጀርባዋ አዝላ የምታርስ ሴት፣ ውሃውን ወደ በርበሬ ችግኟ ለቃ እሷም ቀብር ሄዳለች። በቀብር ቀን ውሃ የሚነካ አለ ብሎ ማን ያስባል? እርስዎ የመስኖውን ተራ የሚያስይዙ የውሃ አባት ነበሩና ቦዩን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ የእኔን መግቢያ በጭቃና በቅጠል በእጅዎ ደፍነው ነው የሄዱት። ያንን ድፍን በዶማ አፈረስኩት። ሰዉ ሲመለስ እንደነበረ አድርጌ ደፈንኩት። የፈትለወርቅ መሬት ግን ደርቆ ጠበቃት፤ ተራዋ እስኪመለስ ችግኙ ገለባ ሆነ።

እርስዎ ከቀብር እንደተመለሱ ወደ ቤቴ ጎራ ብለው፣ “ሆድህን ተሻለህ ወይ?” ብለው፣ ፌጦ በጥብጠው በእጅዎ አጠጡኝ። ጋሼ፣ ያ ፌጦ እስከ ዛሬ ከጉሮሮዬ አልወረደም።

ከዚያ ሾላው ሥር የሆነውን እኔ ለእርስዎ አልነግርዎትም። “አባት የተባለ ሰው የጠበቀው ውሃ ከጠፋ ወይ ሸጦታል ወይ ተኝቶበታል፤ ሁለቱም አባት አያሰኝም” ብለው ሽማግሌዎቹ ሲፈርዱብዎት እርስዎ በመስቀል ማሉ። እኔ ከሰው ኋላ ቁጢጥ ብዬ መሬት በእንጨት እጭር ነበር። የሚማልልዎ ጠፋ። ሻሩዎትና “ታናሽየው ጭምት ነው” ብለው የውሃ አባትነቱን ለእኔ ሰጡኝ። ሁለት ዓመት ተራ አስያዝኩ፤ አንድ ሰው እንኳ አላማኝም፤ ሌባ የሌባን መግቢያ ያውቃልና። ከዚያ በሱዳን በኩል ወጣሁ። ሰው ሁሉ ከደርግ ሸሸ ይለኛል። ከደርግም ሸሽቻለሁ፤ ከዚያ ቦይም ሸሽቻለሁ። እርስዎ ወደ ጠለፋው መውረድ እንደተዉ ሰው ሲነግረኝ “እርጅና ነው” እያልኩ ራሴን አታልል ነበር፤ ያኔ እርስዎ ገና ጎልማሳ ነበሩ።

ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ያለ ሰው አሁን ምን ነክቶት ነው ይሉ ይሆናል። በመስከረም ተክለሚካኤል ደወለልኝ። ጎበዙ ሁሉ ለውሃ አባትነት እሱን ሲመርጥ ንዋይ ተነሥቶ፣ “የአባቱ እጅ የእናቴን ውሃ የበላ ነው፤ እባብ የእባብ ልጅ ነው፤ ቦዩን ለሱ አናስረክብም” አለ አሉ። ሽማግሌዎቹም ለጥቅምት ማርያም ቀጠሮ ያዙ። ልጅዎ ይህን ነግሮኝ ሲያበቃ፣ “አጎቴ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ አባዬ በልቷል?” አለኝ። እኔስ ምን አልኩት? “ያለፈ ነገር ነው፣ ምን ያደርግልሃል፣ ተወው” አልኩት። እሱም “እሺ” ብሎ ስልኩን ዘጋው። በልቷል ብሎ እንዳመነ ገባኝ። በመጀመሪያው ጊዜ ስምዎን ለአገር ሰጠሁት፤ አሁን ደግሞ ለገዛ ልጅዎ።

ጋሼ፣ ስለ ሥራዬ አጥርቼ ጽፌልዎት አላውቅም። ከምኖርበት ከኦሮራ ተነሥቼ ሊትልተን ወደሚባል በደቡብ በኩል ያለ ከተማ እነዳለሁ፤ እዚያ ሚስተር ዋረን የሚባሉ የዘጠና አንድ ዓመት አዛውንት እጠብቃለሁ። አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን እሰጣለሁ። ሲመሽ ስመለስ ቤቱ ድምፅ የለውም። ባለቤቴ ፀሐይነሽ ከሞተች ወዲህ ራዲዮ ከፍቼ ነው ራቴን የምበላው፤ ምን እንደሚል ግን አልሰማውም። ልጄ ሔቨን “አባዬ፣ ሪታየር አድርግና እኔ ጋ ግባ” ትለኛለች፤ ጡረታ ውጣ ማለቷ ነው። ቤቷ የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ፈርሶ በተሠራው ሰፈር ነው፤ እኔና እናቷ ከሱዳን መጥተን የወረድንበት መሬት ላይ አሁን ልጃችን ሣር ታጭዳለች። ስደክም አስበዋለሁ፤ ግን ሥራ ብፈታ ከራሴ ጋር ምን ላወራ ነው?

ሚስተር ዋረን ስሜ ስለሚከብዳቸው ዉዲ ይሉኛል። ነገረኛ ሽማግሌ ናቸው። እዚያ ሰፈር ቅድመ አያታቸው ያስቆፈሩት ቦይ እስካሁን አለ፤ ዳሩ የእግረኛ መንገድ ሆኗል። የከተማው ሰዎች ለቅድመ አያታቸው መታሰቢያ የነሐስ ሰሌዳ ሊያቆሙ ስለነበር፣ እሳቸው በዘመድ ስም እንዲናገሩ ተጠየቁ። ጢማቸውን ስላጭ ነው ንግግራቸውን የሚለማመዱት። “ዉዲ፣ ዛሬም ስለ ቅድመ አያቴ ስለ ኢራ ልንገርህ” ይሉኛል። “ትናንት ነግረውኛል” ስላቸው “እንግዲያው ስሳሳት ያዘኝ፤ አፌን ግን አትቁረጠው” ይሉኛል።

ኢራ የገበሬ ልጅ ነበር፤ ከሩቅ፣ ኦሃዮ ከሚባል አገር። እዚህ ወርቅ ተገኘ ሲባል እንደ ሰው ሁሉ መጣ። ወርቁን አላገኘም፤ “አግኝቶ ቢሆን ጠጥቶት ይሞት ነበር” ይላሉ ሚስተር ዋረን። ወርቅ ከመቆፈር ለሚቆፍሩት ድንች መሸጥ ይሻላል ብሎ ወንዝ ዳር መሬት ያዘ። የመጀመሪያውን በረዶ ከገደል ሥር ጉድጓድ ምሶ ከሚስቱ ጋር እንደ ጃርት አሳለፈው። ስንዴው ባማረበት ዓመት አንበጣ መጣ፤ የአንበጣን ነገር ለእርስዎ ማን ይነግርዎታል። ከዚያ ጉሮሮ የሚዘጋ በሽታ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ወሰደበት። ራሱ ቆፍሮ ቀብሯቸው በማግስቱ ማሳ ወረደ አሉ። ሌላ ሰው ጨካኝ ይለው ይሆናል። እኔ አልልም፤ ፀሐይነሽን ቀብሬ ሠልስቷ እንዳለፈ ሥራ ገብቻለሁ። እጅ ካልሠራ ልብ ይበላል።

በኋላ ሌላ ሚስት አገባ፤ ጎረቤቶቹን አስተባብሮም ከወንዙ ቦይ ጠለፈ። እዚህም አገር ውሃ በተራ ነው ጋሼ፤ ቀድሞ የቆፈረ ቀድሞ ያጠጣል። ኢራን የቦዩ አለቃ አደረጉት፤ የእኛ የውሃ አባት በሉት። እየዞረ መዝጊያዎቹን የሚጠብቅ ደግሞ ሳንቶስ የሚባል ሰው ቀጠሩ። አንድ ድርቅ ዓመት ውሃ ተሰረቀ፤ የብዙ ሰው እህል ከሰለ። ውሃውን ሳንቶስ ሸጠው አሉ። ኢራ በጉባኤ መሐል ቆሞ አባረረው። ሳንቶስ ዕቃውን ፈረሱ ላይ ጭኖ ሄደ። አገሩም “ሌባን የማይታገሥ ሰው ይህ ነው” ብሎ ኢራን መርጦ ወደ ኮሎራዶ ምክር ቤት ላከው። እንግዲህ ገበሬው ሹም ሆነ። ዴንቨር ላይ ጭቃ በነካ ቦት ጫማ ሲገባ የተማሩት “ድንቹ መጣ!” ይሉት ነበር አሉ፤ እሱም “ከድንች በፊት ምን ትበሉ ነበር?” ይላቸዋል። ሁለት ጊዜ ተመርጧል። ሚስተር ዋረን ንግግራቸውን የሚጨርሱት “ከተራው ውጪ አንዲት ጠብታ ያልነካ፣ የማንንም ሌብነት ያልሸፈነ ሰው” በሚል ቃል ነው።

አንድ ቀን እዚያ ቃል ላይ ሲደርሱ በእጃቸው አስቆሙኝ። ምላጩን ከጉንጫቸው አነሣሁ። “ዉዲ፣ አሁን ደግሞ የማይነገረውን ልንገርህ” አሉኝ። አያታቸው የኢራ ልጅ ነበሩ፤ ሚስተር ዋረን ልጅ ሳሉ አተር እየፈለፈሉ ያወጓቸው ነው። ውሃውን የከፈተው የኢራ የሁለተኛ ሚስቱ ወንድም ነበር። ኢራ አማቹ የደበቀውን የመዝጊያ ሳንቃ በገዛ በረቱ ገለባ ሥር አግኝቶታል፤ አግኝቶም ገለባውን መልሶ አለበሰው። ሳንቶስን ያባረረው ይህን እያወቀ ነው። ምክር ቤት ከገባ በኋላ ግን ሰውየው እንቅልፍ አጣ። አንዲት ትንሽ ሕግ ይዞ ተነሣ፤ ቦይ ጠባቂ ነገሩ ሳይመረመር አይባረር የምትል። “ድንቹ ለቦይ ጠባቂ አለቀሰ” ብለው ሳቁበት፤ ሕጉም ወደቀ። ከዚያ ራሱ በባቡር ወደ ደቡብ ወርዶ ሳንቶስን ፈለገው። ሳንቶስ የሚባል በየመንደሩ አለ፤ ኢራ ደግሞ የአባቱን ስም እንኳ ጠይቆት አያውቅም ነበር። ተመልሶ መጥቶ ሞተ።

“ታዲያ ይህን ይናገሩታል?” አልኳቸው። “ለማን ብዬ?” አሉኝ። “ኢራ ሞቷል፣ ሳንቶስ ሞቷል፣ እኔም ወረፋ ላይ ነኝ። አንተ ጢሜን ላጭ።” እኔም ላጨሁ።

ሰሌዳው የተገለጠ ዕለት በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ቦዩ ዳር ወሰድኳቸው። ሰው ተሰብስቧል፣ ልጆች በሣሩ ላይ ይንከባለላሉ። እሳቸው “ከተራው ውጪ አንዲት ጠብታ ያልነካ” ብለው ሲጨርሱ ተጨበጨበ። ነሐሱ ላይም ያው ቃል ተጽፏል። መኪና ውስጥ ካስገባኋቸው በኋላ ቀበቷቸውን ሳስር እጄን ያዙኝ። “ዉዲ፣ በወረቀት የነበረውን ውሸት ዛሬ በነሐስ መታሁት፤ ከእንግዲህ ማን ይፍቀዋል?” አሉኝ። ሞተሩን ሳላስነሳ ቆየሁ። ኢራ ዘመዱን ብሎ ባዕድ በደለ፤ እኔ ሽንኩርት ብዬ ወንድሜን። የሱ ሳንቶስ መቃብሩ አይታወቅም። የእኔ ሳንቶስ ግን ይኸው ሾላው ማዶ ተቀምጦ ፀሐይ ይሞቃል፣ ልጁ ስልክ አለው፣ ቁጥሩንም በቃሌ አውቀዋለሁ።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ጠብቄ ነገርኳቸው። ጋሼ፣ እዚህ አገር ስንት ጊዜ ንስሐ ገብቻለሁ፤ ሁልጊዜ የወጣትነቴን ኃጢአት ስቆጥር እዚያ ቦይ ላይ ስደርስ እዘለው ነበር። አባ ሰምተውኝ አልተቆጡም። ጾምም ስግደትም ሰጡኝ፤ ቀጥለው “የአንተን እስራት እኔ በተሰጠኝ ሥልጣን እፈታለሁ፤ የወንድምህን ስም ግን እኔ አላሰርኩትም፤ ያሰርከው ሂድና ፍታው” አሉኝ።

እንግዲህ ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ከዚያ መልስ ነው። ወረቀቱን የሚያመጣልዎ እንዳልክ የሚባል ታክሲ ነጂ ወዳጄ ነው፤ ለኅዳር አገር ቤት ይገባል። ቀጠሮው ግን ለጥቅምት ማርያም ነው። ይህን እያወቅኩ “ጽፌለታለሁ፣ ይበቃል” ስል ራሴን ያዝኩት። በአደባባይ የጠፋ የሰው ስም በፖስታ ታሽጎ ይመለሳል? መደወል አለብኝ። እፈራለሁ ጋሼ። ንዋይን እፈራለሁ፣ ሽማግሌዎቹን እፈራለሁ፤ ከሁሉ ደግሞ ተክለሚካኤል “አጎቴ” ማለቱን እንዳይተው እፈራለሁ። እስከ ማርያም ድረስ ልቤን እንዲያበረታው ይጸልዩልኝ ብዬ እንዳልለምንዎ ደግሞ ደብዳቤው ያኔ አይደርስዎትም። የራሴኑ ጸሎት እየጸለይኩ ነው።

ለእትዬ ጤናዬ ጉልበታቸውን ስሜ ሰላም እላለሁ፤ እሳቸው በዚያ ዘመን ከሴቶች ማኅበር ተነጥለው ብቻቸውን ውሃ ሲቀዱ አይቻለሁ፤ ይህንንም እኔ ነኝ ያደረግኩት፤ ይንገሩልኝ። ለተክለሚካኤል ሰላምታዬን የምልክበት አፍ ዛሬ የለኝም፤ ፍቅሬን ግን ይስጡልኝ። ለሚስቱና ለሕፃናቱ፣ ስማቸውን እየጠራሁ በየማታው እጸልይላቸዋለሁ በሉልኝ። ለጎረቤት ሁሉ፣ በሕይወት ላለው ሰላም፣ ላለፈው ነፍስ ይማር። ሔቨን “ለትልቁ አባባ” ብላ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ቀላቅላ ሰላም ብላለች፤ ትርጉሙ ናፍቀውኛል ነው፤ አይታዎት ባታውቅም።

ፖስታውን ሳላሽግ ሰንብቼ ነበር፤ ይህን የምጨምርበት ዛሬ የጥቅምት ማርያም ናት።

ጠዋት ሚስተር ዋረንን አልብሼ ቁርሳቸውን ካበላሁ በኋላ፣ ላደርግ የምፈልገውን ነገርኳቸው። እህል እንደሚያኝክ ሰው አፋቸውን ሲያላምጡ ቆዩና “እንግዲያው በረንዳ ላይ አድርገው፣ እኔም ልስማ” አሉኝ። ብርድ ልብስ ደረብኩላቸውና አወጣኋቸው። ከአበባቸው ዳር ድንጋይ አነሣሁ። በደለኛ በአገራችን ደንብ ድንጋይ በማጅራቱ ሳይሸከም ይቅርታ አይጠይቅምና፣ ተሸክሜ ጎንበስ አልኩ። ሣር የሚያጠጣ ጎረቤት ቆሞ ያየኝ ጀመር። አገር ቤት አሥር ሰዓት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ሾላው ሥር ተቀምጠዋል። ለተክለሚካኤል ደውዬ “ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ አድርገህ ሽማግሌዎቹ መሐል አኑረው፤ በደል አለብኝ፤ ድንጋይም ተሸክሜያለሁ” አልኩት።

የመጀመሪያው ድምፅ የንዋይ ነበር። “አሜሪካ ተቀምጦ ድንጋይ ተሸከምኩ ቢል ማን ያየዋል? ትራስ ይሆናል!” አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሚስተር ዋረን “ምንድን ነው የሚያስቃቸው?” ብለው ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ስልኩን ከእጄ ነጥቀው በእንግሊዝኛ ጮኹበት። ከወዲያ አንድ አስተማሪ ይመስለኛል፣ “ሽማግሌው ድንጋይ ነው ይላሉ፤ የገዛ ድንጋያቸው ነው፤ ይህ ሰው አንገቱን ከሰበረ ነገ ማን ያጥበኛል ይላሉ” ብሎ ተረጎመላቸው። እንደገና ተሳቀ፤ ንዋይም ሲስቅ ሰማሁት። ከዚያ አንድ ሽማግሌ “በል እሺ፣ ተናገር” አሉኝ። የዶሮ ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

ያልኩትን እርስዎ ይህ ወረቀት ሳይደርስዎ ሰምተውታል፤ ከዚያ በኋላ የተባለውንም ከእኔ የበለጠ ያውቁታል፤ አልጽፈውም። በእጄ ጽሑፍ እንዲኖርዎት ያህል የራሴን ቃል ብቻ ልጻፈው። “ውሃውን የከፈትኩት እኔ ውድነህ ነኝ። ጋሼ ደምሰው አልሸጠም፣ አልተኛበትም። እኔ ሰርቄ እሱ ተሻረ፤ እኔም በወንበሩ ተቀመጥኩ። ንዋይ፣ የእናትህን ችግኝ ያደረቅኩት እኔ ነኝ” አልኩ። መስመሩ ሲቆራረጥ ስለነበር ያልሰማ እንዳይኖር ብዬ፣ ቀና ሳልል፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ደገምኩት።

ታናሽ ወንድምዎ ውድነህ
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ጥቅምት 21 ቀን 2007 ዓ.ም.